አራስ የምትጠጣው ቅጠል ለሁለት ሰው ይደርሳል

ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሕፃኑን ወደ ጡቷ ባስጠጋች ቁጥር ሆዷን ከታች ጨምድዶ ይይዛታል። የተሰፋው ቦታ አያስቀምጣትም፤ ሽንት ቤት መሄድም ያስፈራታል። በዚህ መሐል የሚወዳት ሰው የፈላ ቅጠል በስኒ ይዞ ይገባና «ጠጪው፣ ይሻልሻል» ይላታል። ትናንት ያየቻት የጤና ባለሙያ ደግሞ «ምንም ዓይነት ቅጠል እንዳትወስጂ» ብላታለች። እናትየው ለሁለቱም እሺ ትላለች። ስኒውን ትጠጣዋለች፤ ለባለሙያዋ ግን አትናገርም።

እኔን ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው። «አትወስጂ» የተባለችው እናት ለምን እንደተከለከለች አታውቅም፤ «ጠጪ» የተባለችውም ምን እንደምትጠጣ አልተነገራትም። ስለዚህ የትኛው ነገር ምን እንደሚያደርግ፣ በየት በኩል ወደ ሕፃኑ እንደሚያልፍ፣ ከየትኛው መራቅ እንደሚገባ በግልጽ መነገር አለበት። አንዳንዱ ዕፅ ይረዳል። አንዳንዱ አይረዳም፣ አይጎዳምም። ጥቂቱ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ ችግሩ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ስኒ መቅረባቸው ነው።

ቁርጠቱ ከየት ይመጣል?

ሕፃኑና የእንግዴ ልጁ እንደወጡ ማህፀን ወደ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአንድ ሳምንት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በ6ኛው ሳምንት ከ100 ግራም በታች ይሆናል። ሕፃኑ ሲጠባ ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ትለቃለች። ሆርሞኑ ወተቱን ከጡት ይገፋል፤ ማህፀኑንም ያኮማትራል። ጡት ስታጠባ ቁርጠቱ የሚበረታው ለዚህ ነው። ከዚህ በፊት የወለደች ሴት ደግሞ የማህፀኗ ጡንቻ እየላላ እየጠበቀ ስለሚሄድ ሕመሙ ከመጀመሪያ ልጇ ጊዜ ይልቅ ይሰማታል። በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይበርዳል።

ይህ መኮማተር ትልቅ ሥራ አለው። የእንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ ላይ አፋቸውን ከፍተው የቀሩ የደም ሥሮች አሉ፤ ጨምቆ የሚዘጋቸው የማህፀኑ ጡንቻ ነው። ጡንቻው ካልጠበቀ ደሙ አይቆምም። እንግዲህ «ማህፀን ያፍታታል» ተብሎ የሚሰጥ ነገር በእነዚህ ቀናት የሚፈለግ አይደለም፤ «ማህፀን ይሰበስባል» የተባለው ደግሞ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ልኩ የግድ መታወቅ አለበት። ልክ ሳይታወቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ።

ራይ በተባለው እህል ዛላ ላይ የሚበቅል፣ ኤርጎት የሚሉት ጥቁር ፈንገስ አለ። ሴቶች ማህፀንን ለማኮማተር እንደሚጠቀሙበት ጀርመናዊው ሐኪም አዳም ሎኒትሰር እ.ኤ.አ. በ1582 ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1808 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ስተርንስ ምጥ የሚያፋጥን ዱቄት ብሎ ለባልደረቦቹ አስተዋወቀው፤ ብዙዎችም ተቀበሉት። ነገር ግን አንዱ ፍሬ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ኃይል ይዞ ይገኛል። ማህፀኑ ሳያርፍ እየጨመደደ ሕፃናት ሞተው ተወለዱ፤ ማህፀናቸው የተቀደደባቸው እናቶችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1824 የኒው ዮርኩ ሐኪም ዴቪድ ሆሳክ ዱቄቱን «የሞት ዱቄት» ብሎ ጠራው፤ ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም ብቻ እንዲውልም መከረ። ማህፀኑን የሚያኮማትረው ንጥረ ነገር ኤርጎሜትሪን ተብሎ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ዛሬም ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም በመርፌ ይሰጣል፤ የደም ግፊት ላለባት ሴት ግን አይሰጥም፣ ግፊቱን የበለጠ ያንረዋልና።

የጥንቶቹ አዋላጆች አልተሳሳቱም፤ መድኃኒቱ ይሠራል። የጎደላቸው ሚዛን ነበር። ቤት ውስጥ የሚፈላ ቅጠልም እስከ ዛሬ የጎደለው ይኸው ነው። አንድ ተክል በውስጡ የሚይዘው ኃይል እንደ ወቅቱ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ክፍሉ ይለያያል፤ ሥሩ ከቅጠሉ፣ ዘሩ ከአበባው፣ እርጥቡ ከደረቁ አንድ አይደለም። ለአምስት ደቂቃ የተነከረው ለአንድ ሰዓት ከተንተከተከው ጋር አይተካከልም። «አንድ እፍኝ» ሲባልም የማን እፍኝ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ከስኒው እስከ ሕፃኑ አፍ

እናት የዋጠችው ነገር ከአንጀቷ ወደ ጉበቷ፣ ከዚያ ወደ ደሟ ይገባል፤ ወተት ደግሞ የሚሠራው ከደሟ ነው። ሁሉም ነገር እኩል አያልፍም። ጥቃቅን የሆኑና በስብ የሚሟሙ ንጥረ ነገሮች በቀላሉ ይሻገራሉ፤ ግዙፎቹና ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው የሚዞሩት ግን በአብዛኛው እዚያው ይቀራሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት በሚያመነጩት ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ወደ እንገሩ የሚያልፈው ነገር ይበዛል። እርግጥ በእነዚያ ቀናት ሕፃኑ የሚጠባው መጠን ትንሽ ነው። ቢሆንም ጉበቱና ኩላሊቱ ገና አልበረቱም፤ አንድን ነገር ከሰውነቱ ለማስወገድ ከአዋቂ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።

ለተለመዱ መድኃኒቶች ባለሙያዎች አንድ ስሌት አላቸው። ሕፃኑ በኪሎ ግራም ክብደቱ የሚደርሰው መጠን እናቱ በኪሎ ግራም ክብደቷ ከወሰደችው 10 በመቶ በታች ከሆነ በአብዛኛው ይፈቀዳል። ለዕፅዋት ይህን ስሌት መሥራት የሚቻለው ከስንት አንዴ ነው፤ በወተት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ የተለካላቸው በጣም ጥቂት ናቸውና። ላክትሜድ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ነጻ የመረጃ ማኅደር እናት የምትወስዳቸውን መድኃኒቶችና ዕፅዋት አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ የዕፅዋቱን ገጾች ያነበበ ሰው «በቂ መረጃ የለም» የሚለው ሐሳብ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ያያል። መረጃ የለም ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም። ጉዳት አለ ማለትም አይደለም። ማንም አልለካም ማለት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ከጣሊያን የተዘገበ ነገር አለ። ሁለት ገና ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ደነዘዙ፣ ሰውነታቸው ላላ፣ መጥባት ደከማቸው፣ አስመለሳቸው። ምርመራው ኢንፌክሽን አላሳየም። ሁለቱም እናቶች ወተት እንዲበዛላቸው ብለው እንስላል፣ አኒስ፣ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥርና ጋሌጋ የተባለ ተክል የተቀላቀሉበት ሻይ በቀን ከ2 ሊትር በላይ ይጠጡ ነበር። ሻዩ ከቆመ በኋላ ሕፃናቱ አገገሙ። ሁለት ሕፃናት አንድን ነገር አያረጋግጡም፤ ከአራቱ ተክሎች የትኛው እንዳደከማቸውም አይታወቅም። ነገር ግን መጠኑን ልብ በሉ፦ ከ2 ሊትር በላይ። ከምግብ በኋላ አንድ ስኒ የእንስላል ሻይና ቀኑን ሙሉ እንደ ውኃ የሚጠጣ ድብልቅ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለማጣፈጫነት የሚገባው ግን የሚያስፈራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት እናት ነጭ ሽንኩርት ስትወስድ የወተቷ ሽታ እንደሚለወጥ አሳይቷል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ጡቱን አልጠሉም፤ ይልቁንም ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩበት። በምግብ ልክ የሚገቡ ቅመሞች ለአብዛኞቹ እናቶች ችግር አያመጡም። ጥንቃቄ የሚጀምረው ያው ቅመም በማንኪያ ተሰፍሮ፣ በካፕሱል ተጠቅጥቆ ወይም በዘይት መልክ ተጨምቆ ሲመጣ ነው።

ለየሕመሙ ምን አለ?

በቁርጠቱ እንጀምር። ዝንጅብልና እንስላል ለወር አበባ ቁርጠት በጥቂቱ እንደሚረዱ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ከወሊድ በኋላ ላለው ቁርጠት ግን ማስረጃው ቀጭን ነው። አንድ ሁለት ስኒ ቀጠን ያለ የዝንጅብል ሻይ ለአብዛኞቹ እናቶች የሚከለከል አይደለም፤ ደም በብዛት እየፈሰሳት ያለች ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ግን በብዛት መውሰዱን ትተው። ፊኛን ቶሎ ቶሎ ባዶ ማድረግም ይረዳል፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይ ገፍቶ በደንብ እንዳይሰበሰብ ያደርገዋልና። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ምክር መሆኑ ያስደስተኛል፤ ለእናቶች የሚነገረው ግን ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ ባለፈ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም ሌላ ክልከላ ለሌለባት ሴት ኢቡፕሮፌን ለዚህ ቁርጠት በደንብ ይሠራል፤ ወደ ወተት የሚያልፈውም እጅግ ጥቂት ነው። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ከማጥባት ጋር ይሄዳል። «ለልጁ ብዬ» ብላ እንክብሉን ትታ ያልተለካ ቅጠል የምትጠጣ እናት ልጇን የበለጠ ለማይታወቅ ነገር አጋልጣዋለች ማለት ነው። እንክብልም ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴንና ትራማዶል የተባሉትን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዳክሙ ይችላሉና።

የተሰፋው ወይም የተሰነጠቀው ቦታ ሌላ ነው። ንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ መቀመጥ ሕመሙን ያቀላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእብጠቱ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም ይረዳል። ውኃው ላይ ላቬንደር ወይም ካሞሚል የተባሉ መዓዛማ ዕፆችን ጨምረው የሞከሩ ጥናቶች ጥቂት መሻሻል አይተዋል፤ ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ ከለብታው ውኃ የተገኘውን ጥቅም ከቅጠሉ መለየትም አስቸጋሪ ነው። ከውጭ የሚነካና ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ብዙ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም። ቁርጥ ያለው መስመር ወደ ውስጥ በሚገባው ላይ ነው። ቅጠል፣ ዱቄት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ዕፅ ወይም የተቀቀለበት ውኃ ወደ ብልት መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ከወሊድ በኋላ ማህፀን ውስጡ እንደ ሰፊ ትኩስ ቁስል ነው፤ የማህፀን በሩም ገና አልተዘጋም። ከአፈር የመጣ ባክቴሪያ መንገዱን ክፍት አድርጎ ያገኘዋል። ከሚፈላ ድስት በላይ ተቀምጦ እንፋሎት መታጠንም ያቃጥላል፤ ቆዳው አሁን ስስና የተጎዳ ነው፣ እንፋሎቱ ደግሞ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚታወቀው ካቃጠለ በኋላ ነው።

ወደ ጡት እንምጣ። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ጡት አግቶ ድንጋይ ሊመስል ይችላል። ታጥቦ የቀዘቀዘ የጥቅል ጎመን ቅጠል ጡት ላይ ማድረግ እውነትም ሕመሙን ሊቀንስ እንደሚችል ጥናቶች ይጠቁማሉ፤ ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ዋናው መፍትሔ ግን ሕፃኑን ደጋግሞ ማጥባት ነው፤ ያጋተውን ጡት ከሕፃን አፍ በላይ የሚያቀል ነገር የለም።

የጡት ጫፍ ላይ የሚቀባ ነገር ግን በሙሉ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መልካም አሳቢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ቦታ ነው። ለቁስል ጥሩ ነው ተብሎ የሚቀባው ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ክልክል ነው። በማር ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘሮች ገና ባልበሰለ አንጀት ውስጥ አድገው ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫሉ። ማር ተፈልቶ ወይም ተጣርቶ ይህን አያጣም፤ ዘሮቹ ሙቀትን ይቋቋማሉ። እሬት መራራ ነው፤ አንጀትንም ያስሮጣል፤ ከማጥባት በፊት በደንብ ካልታጠበ ሕፃኑን ያስቀምጠዋል። በኢራን በተደረገ ጥናት የናና ውኃ የጡት ጫፍ መሰንጠቅን ቀንሷል፤ ነገር ግን ከዚያ ተነስቶ የናና ዘይት መቀባት ትልቅ ስሕተት ነው። በዘይቱ ውስጥ የተከማቸው ሜንቶል የተባለ የሚያቀዘቅዝ ንጥረ ነገር ሕፃን አፍንጫ አጠገብ ሲደርስ የአየር ቧንቧውን ሊያጨመድደው ይችላል። ካምፎር ያለበት ቅባትና የባሕር ዛፍ ዘይትም እንዲሁ ከሕፃን ፊት መራቅ አለባቸው፤ ካምፎር ጥቂት ተውጦ እንኳ የሚጥል መንቀጥቀጥ ያመጣል። ኮምፍሬይ የተባለው ተክል ለቁስል የቆየ ስም አለው፤ በውስጡ ያለው አልካሎይድ የተባለ ንጥረ ነገር ግን የጉበትን ደም ሥሮች ይዘጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሚዋጡ የኮምፍሬይ ውጤቶች ከገበያ እንዲነሱ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ጡት ጫፍ ላይ ማድረግ ማለት ለሕፃን ማጉረስ ነው። የራሷ የእናትየው ወተት ጠብታ ቀብቶ ማድረቅና ሕፃኑ ጡቱን በደንብ እንዲጎርስ ማስተካከል ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል።

«ወተት ያበዛል»

ብዙ እናቶች ዕፅ የሚጀምሩት ለሕመም ብቻ ሳይሆን «ወተቴ አይበቃም» ከሚል ጭንቀት ነው፤ ጭንቀቱም ራሱ ሕመም ነው። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ አብሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ወተት ያበዛሉ በሚባሉ ዕፅዋት፣ ምግቦችና መድኃኒቶች ላይ የተደረጉ 41 ጥናቶችን፣ 3,005 እናቶችን መርምሯል። ተፈጥሯዊዎቹ ጥቂት ሊረዱ እንደሚችሉ የሚጠቁም ነገር ቢገኝም፣ ጥናቶቹ እጅግ የተለያዩና ደካሞች ስለነበሩ በእርግጠኝነት ለመናገር አልተቻለም። ዝንጅብልን በተመለከተ በታይላንድ የተደረገ ጥናት አስተማሪ ነው፦ በ3ኛው ቀን ወተቱ ጨምሮ ታየ፣ በ7ኛው ቀን ልዩነት አልነበረም።

አብሽ በአብዛኛው የከፋ ጉዳት አያመጣም፤ ሆኖም የማይስማማት እናት አለች። የደም ስኳር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም እንክብል የምትወስድ ሴት ሳትለካ ብትጠጣው ስኳሯ ሊወርድ ይችላል። ከኦቾሎኒና ከሽምብራ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ለእነሱ አለርጂ ያለባት ለአብሽም ሊኖርባት ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ያጠነክራል። አንድ እንግዳ ነገርም ያደርጋል፦ የእናቲቱ ላብና የሕፃኑ ሽንት የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ያመጣል። ከባድ የሆነ አንድ የሕፃናት የውርስ በሽታም ልክ ይህን ሽታ ስለሚሰጥ፣ ሐኪሙ አብሽ መወሰዱን ካላወቀ ሕፃኑን ለማያስፈልግ ምርመራ ሊዳርገው ይችላል። ዝምታ ዋጋ የሚያስከፍለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ወተት የሚወሰነው በዋነኛነት ከጡት በሚወጣው መጠን ነው። ብዙ የሚጠባ ጡት ብዙ ይሠራል፤ ያልታለበው ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ «ወተቴ አነሰ» የምትል እናት አጠገቧ ተቀምጦ ሕፃኑ እንዴት እንደሚጎርስና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠባ የሚያይላት ሰው ከማንኛውም ዘር በላይ ይጠቅማታል። ሊኮሪስ ግን ወተት ያበዛል ቢባልም ለአራስ የሚመከር አይደለም፤ በብዛት ሲወሰድ የደም ግፊትን ከፍ፣ ፖታሲየምን ዝቅ ያደርጋል። የእርግዝና የደም ግፊት ችግር ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳ እንደሚችል ብዙዎች አያውቁም።

የሆድ ድርቀት በአንጻሩ ለዕፅዋት የተመቸ ቦታ ነው። ተልባና መሰል አንጀት ውስጥ ውኃ ይዘው የሚያብጡ ዘሮች ከብዙ ውኃ ጋር ሲወሰዱ ይረዳሉ፤ ወደ ደምም አይገቡም ማለት ይቻላል። ሴና የተባለው ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ለአጭር ጊዜ ችግር የለውም። የጉሎ ዘይት ግን ሆድን አሠቃይቶ ውኃ የሚያሟጥጥ ነው፤ ደም የፈሰሳት ሴት ይህን አትፈልግም።

ስለ መንፈስ ጭንቀት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት ይገጥማቸዋል። ለዚህ የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ ጉበት መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። በዚህም የተነሳ የወሊድ መከላከያ እንክብልና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም እንዲሁ። በዝምታ የሚጠጣ አንድ ዕፅ ያልታሰበ እርግዝና ወይም የተዳከመ ሕክምና ያመጣል ማለት ነው። ድብርት የሚታከም በሽታ ነው፤ ከማጥባት ጋር የሚሄዱ መድኃኒቶችም አሉት። የደም ማነስ ላለባት የሚሰጠው የብረት እንክብልም ከሻይ ጋር ሲዋጥ አብዛኛው ሳይገባ ይወጣል፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ይበቃል።

በጥቅሉ ውስጥ ያለው ሌላ ሲሆን

እስከ አሁን የተናገርኩት ሁሉ ተክሉ በስሙ የተጠራው ተክል ከሆነ ነው። የኮከብ ቅርጽ ያለው የቻይናው አኒስ ለማጣፈጫ የሚውል ነው፤ የጃፓኑ ዘመዱ ግን ነርቭ የሚያናውጥ መርዝ አለው፣ ሁለቱ ሲደርቁ ደግሞ በዓይን አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለውን ሻይ እንዳይጠጡ ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች መታመማቸውን ገልጾ ነበር፤ 15 ያህሉ ለሆድ ቁርጠት የተሰጣቸው ሕፃናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ አካባቢ የተሸጡ 70 የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) መድኃኒቶችን መርምሮ 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እርሳስ ወደ ወተት ያልፋል፤ የሚያድግ አንጎልንም ይጎዳል። በውስጡ ያለው ነገር አንድ በአንድ ያልተጻፈበት ድብልቅ ዱቄት ማን ቢያመጣውም ለአራስ አይሰጥ የምለው ለዚህ ነው። እኛ የምናውቃቸው ተክሎችም ቢሆኑ ከዚህ አይወጡም፦ ጤና አዳም ሽታው ደስ ቢልም በብዛት ሲጠጣ ማህፀን የሚያኮማትርና ጉበትን የሚጎዳ ነው፤ ጭማቂው የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል።

ለሕፃኑ በቀጥታ ስለሚሰጠው ብዙ አልጽፍም፤ አይሰጥም። እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ውኃንም፣ ሻይንም፣ የተቀቀለ ቅጠልንም ይከለክላል። እትብቱም ላይ ቅጠል፣ አመድ ወይም ቅባት አይደረግም፤ ቴታነስ የሚገባው በዚያ በር ነው።

ስኒውን ትተው መሄድ የሚገባበት ጊዜ

ለእኔ ከመርዛማው ተክል ይልቅ አደገኛው፣ ምንም የማይጎዳ ሆኖ ጊዜ የሚያባክነው ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የንጽህና መጠበቂያውን የሚያርስ ደም፣ እንቁላል የሚያክል የረጋ ደም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ማፍላት ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 500 ሚሊ ሊትር ደም መፍሰስ እንደ አደጋ ይቆጠራል፤ ይህ ከግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ አይበልጥም። «ቆሻሻው ይውጣ» እየተባለ የሚጠበቅ ደም አይደለም። በሕፃኑ ላይ ደግሞ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ ለመጥባት መድከም፣ የሽንት ማነስ፣ ቢጫነት ወይም ተቅማጥ መታየቱ እናቱ ምን እየጠጣች እንደሆነ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው።

ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ ቅጠሉን ራሱን ወይም ጥቅሉን ይዞ መሄድ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል፤ አንድ ስም በየቦታው ሌላ ተክል ነውና። ምን ያህል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተጠጣም ይነገር። ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ልመና አለኝ፦ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲሏት ብዙ እናቶች አይ ይላሉ፣ ቅጠሉን እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትምና። «ቤት ውስጥ ምን ተፈልቶልሻል?» ብለው ፊታቸውን ሳያጨፈግጉ ቢጠይቋት ትነግራቸዋለች። ስኒውን ያመጡት እናት ወይም አማት አብረው ካሉም ጥያቄው ለእሳቸው ይቅረብ፤ የተጨመረውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሕፃኑ ላይ ለውጥ ከታየ በቅድሚያ የሚቆመው ስኒው ነው። ጡት ማጥባቱ ለጊዜው ይቋረጥ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ግን ሕፃኑን ያየው ባለሙያ ይወስን።